ለገና ታስቦ ለጥምቀት የደረሰ ቢራ፦ የጉዳይ ጥናት ከአዳማ

ጉዳዩ የአንድ ወዳጄ ነው። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ይኖራል። ቤቱ ቢራ መጥመቅ ከጀመረ ቆይቷል። ለገና ብሎ አንድ ባልዲ ጠመቀ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ፣ ቆርኪ መትቶ አስቀመጠው። ከሁለት ሳምንት በላይ ጠብቆ ሲከፍት ጋዝ የሚባል የለም። ሌላ ከፈተ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም እንዲሁ። ደወለልኝና «በየጠርሙሱ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ልጨምርና መልሼ ልዝጋው እንዴ?» አለኝ። እስክመጣ አንድም ጠርሙስ እንዳይነካ ለመንኩት።

ይህን ጉዳይ ከነዝርዝሩ የምጽፈው በዚያች የሻይ ማንኪያ ምክንያት ነው። ቢራው ጋዝ ሲያጣበት ጠማቂው መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ስኳር ነው። ስኳር አንዳንዴ በእርግጥ መፍትሔው ይሆናል። ግን ጋዝ የሌለው ቢራ አንድ ዓይነት ችግር የለበትም። ስኳሩ አንሶ ሊሆን ይችላል። እርሾው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ብርድ አዘግይቶት ሊሆን ይችላል። ጋዙ ተሠርቶ በቆርኪው ሥር ሾልኮ ሄዶም ሊሆን ይችላል። የአራቱም ጠርሙስ ሲከፈት አንድ ዓይነት ዝም ይላል። የሚያድነው ነገር ግን ይለያያል፤ ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አደጋ ነው።

ቢራው እንዴት ተጠመቀ

ብቅሉ የአሰላ ነው። አሰላ ከአዳማ ወደ ደቡብ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የአርሲ ገብስ መሃል ስላለች የብቅል ፋብሪካ እዚያ መተከሉ ተገቢ ነው። ሆፕሱን (እንደ ጌሾ ለቢራ ምሬት የሚሰጠውን ተክል) እና እርሾውን ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞለት ነው የመጣው። እርሾው ደረቅ የቢራ እርሾ ነው፤ የዳቦ አይደለም።

ቢራው ባልዲ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ፈላ። ወዳጄ ሃይድሮሜትር አለው፤ ደግሞም ይጠቀምበታል። ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፎ ክብደቱን ከውሃ ጋር እያነጻጸረ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ውሃ 1.000 ነው፣ ስኳር ሲበዛ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሲጀምር 1.048 ነበር፤ 1.011 ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀናት አሳልፎ እንደገና ለካው፤ አልተነቃነቀም። ይህን ልማድ ቤቱ የሚጠምቅ ሁሉ ቢይዝ ደስ ይለኛል። ቁጥሩ መውረድ ካቆመ እርሾው ከብቅሉ የሚበላውን ጨርሷል ማለት ነው። ሳይጨርስ ጠርሙስ ውስጥ ቢገባ ኖሮ የቀረው ስኳር እዚያው ይፈላና ዛሬ የምናወራው ስለ ጋዝ ማነስ ሳይሆን ስለ ተሰበረ ጠርሙስ ይሆን ነበር።

ባልዲው ከታች በኩል ቧንቧ አለው። በሚሞላበት ቀን 100 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፈላ። ሽሮፑን አቀዘቀዘና ከላይ በኩል ቀስ አድርጎ ባልዲው ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ከቧንቧው በቀጥታ ወደ ጠርሙስ ቀዳ። ሁለት ሳጥን ሞላለት። በአንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ፣ በአንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር፤ በድምሩ 16 ሊትር ገደማ ነው። ሳጥኖቹን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ጓዳው ውስጥ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጣቸው።

ስኳሩ አንሶ ነው?

ከሂሳቡ ጀመርን። ሂሳቡ አያስፈራም።

እርሾ 1 ግራም ስኳር ሲበላ ግማሽ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ የቀረው አልኮል ይሆናል። ባልዲ ውስጥ ይህ ጋዝ ወደ ውጭ ይወጣል። የተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ግን መሄጃ ስለሌለው ቢራው ውስጥ ይሟሟል። የቢራ ጋዝ የሚለካው አንድ ሊትር ቢራ ስንት ሊትር ጋዝ ይዟል በሚለው ነው። ለተለመደ ቢራ ከ2.2 እስከ 2.6 ሊትር ጥሩ ነው። አንድ ሊትር ጋዝ 2 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ በአንድ ሊትር ቢራ 4 ግራም ስኳር ብንጨምር አንድ ሊትር ጋዝ እናገኛለን ማለት ነው።

ቢራው ከባልዲ ሲወጣም ጨርሶ ባዶ አይደለም። ሲፈላ ከሠራው ጋዝ ጥቂቱ ውስጡ ይቀራል። የክፍሉ ሙቀት 22 ዲግሪ ከሆነ፣ በባሕር ጠለል ላይ የሚቀረው 0.8 ሊትር ያህል ነው። አዳማ ግን ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቀረው ጋዝም ወደ 0.65 ይወርዳል። ውጭ አገር የተሠሩት የስኳር ሰንጠረዦች አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያስቡም። አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ሆኖ በነሱ የሚሠራ ሰው ቢራው ትንሽ ለስለስ ቢልበት አይገረም። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፤ ለ16 ሊትር 10 ግራም ስኳር ቢሆን ነው። ቢራ ጨርሶ ዝም የሚያሰኝ አይደለም።

አሁን ድምሩን እንይ። 100 ግራም ለ16 ሊትር ሲካፈል በሊትር 6 ግራም ከትንሽ ይደርሳል። ይህ 1.6 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። ከቀድሞው 0.65 ጋር 2.2 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ስኳሩ በድምር በቂ ነበር።

ወዳጄ «ስኳሩ ራሱ ይሆን እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አይደለም። የወንጂም ይሁን የመተሐራ፣ ተራ ነጭ ስኳር ለእርሾው ያው ስኳር ነው።

የሻይ ማንኪያዋንም በዚሁ ሂሳብ እንያት። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። ለ330 ሚሊ ሊትር ይህ በሊትር 12 ግራም ነው። ብቻውን 3 ሊትር ጋዝ ይሰጣል፤ ከነበረው ጋር 3.7 ገደማ ይሆናል። ተራ የቢራ ጠርሙስ ከ3 ብዙም እንዲያልፍ አይመከርም፤ ያውም ተደጋግሞ የታጠበና አፉ የተጫጫረ ከሆነ። ልብ በሉ፣ ይህ ጠርሙሱ ውስጥ ምንም ሌላ ስኳር ከሌለ ነው። ካለስ? እዚያ እንደርሳለን።

ብርድ መትቶት ነው?

የወዳጄ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠላ የጠመቁ ሴት ናቸው። ስንነጋገር ሰምተው ወደ ጓዳ ገቡና ከላይኛው ሳጥን አንድ ጠርሙስ አውጥተው በመዳፋቸው ያዙት።

«ይሄማ በርዷል ልጄ። በዚህ ብርድ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጣችሁት ምን ይሁን? እኔ ጥንስሴን እንኳ በታኅሣሥ በጋቢ ነው የምሸፍነው» አሉ።

«እማማ፣ አዳማ ውስጥ ብርድ አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ማታ መጥተህ እየው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ስለ አዳማ ሲነሳ ሁሉም ሙቀቱን ነው የሚያስበው። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ብርዱን ቀን ሙሉ ይዞ ይውላል። ጠዋት ላይ ቴርሞሜትር ከሳጥኑ ሥር ብናስቀምጥ 16 ዲግሪ አሳየን። በ22 ዲግሪ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ሥራ በ16 ዲግሪ አራት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ጊዜ «ቢራዬ ጋዝ አልያዘም» የሚል ሰው የሚያስፈልገው ሙቅ ክፍልና ትዕግሥት ብቻ ነው። ሳጥኖቹን ወደ ሳሎን አምጥቶ በብርድ ልብስ መጠቅለል ቀላሉ ነገር ነበር። እናትየውም ያሉት ይህንኑ ነው።

ግን አንድ ነገር ማረጋገጥ ፈለግሁ። ብርድ ብቻ ከሆነ ስኳሩ ሳይበላ ቢራው ውስጥ ቁጭ ብሎ መገኘት አለበት። በሊትር 6 ግራም ስኳር መራራ ቢራ ውስጥ ሲገባ ምላስ ላይ ስስ ነው፤ በመቅመስ ብቻ መተማመን አይቻልም። ሃይድሮሜትሩ ግን ያየዋል። ስኳሩ ካልተበላ 1.011 የነበረው ወደ 1.013 ከፍ ይላል። ከተከፈቱት ጠርሙሶች የአንዱን ቢራ ወደ ሁለት ብርጭቆ እያገላበጥን ጋዙን ጨርሰን አስወጣንና ለካነው። ጋዝ ካልወጣ አረፋው ሃይድሮሜትሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውሸት ያነባል። ንባቡ 1.011 ሆነ።

እንግዲህ ስኳር የለም። ወይ ተበልቶ ጋዙ ሾልኳል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ወደዚህ ጠርሙስ አልገባም።

ቆርኪውን ፈተሽን። ጥሩ የተመታ ቆርኪ በጣት ይዘው ሊያዞሩት ቢሞክሩ አይዞርም። ጠርዙም ዙሪያውን እኩል ታጥፎ ይገኛል። ከላይኛው ሳጥን እያነሳን በየተራ ሞከርን፤ አንዱም አልዞረም። ጥቂቶቹን አፋቸውን ወደ ታች አድርገን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርን። የሚያፈስ ካለ አየሩ ሲሞቅ ከቆርኪው ሥር ትናንሽ አረፋ ያወጣል። የወጣ የለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። አረፋ ማጣትና ጋዝ ማጣት አንድ አይደሉም። ብርጭቆው በላርጎ ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ፣ ወይም ቅባት ከነካው፣ ሙሉ ጋዝ ያለው ቢራም አረፋ አይዝም። አረፋ አጣን የሚሉ ሰዎች ብርጭቆ ቀይረው ብቻ ችግሩ የጠፋላቸው አሉ። የወዳጄ ግን እንዲያ አልነበረም። ቆርኪው ሲነሳ ፍሽ የምትል ድምፅ እንኳ አልነበረችም።

የታችኛው ሳጥን

«የከፈትካቸው ከየትኛው ሳጥን ነው?» አልኩት።

«ከላይኛው።»

«መጀመሪያ የሞላኸውስ የትኛውን ነው?»

ትንሽ አሰበና «የታችኛውን» አለ። የታችኛውን ሳጥን እስካሁን ማንም አልነካውም።

ሳጥኑን ወደ በሩ ብርሃን አወጣነው። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንስተን ሥራቸውን አየን። እያንዳንዱ ጠርሙስ ሥር አተላ አለ፤ የእርሾ ዝቃጭ ነው፣ መኖሩ ጤናማ ነው። ልዩነቱ ግን ፊት ለፊት ይታያል። በመጀመሪያው ረድፍ ያሉት ስድስት ጠርሙሶች አተላቸው ወፍራምና ክሬም የመሰለ ነው፤ ጠርሙሱ ሲዘነበል እየተጎተተ ይንሸራተታል። መሃል ያሉት ስስ ነው ያላቸው። የላይኛው ሳጥን የመጨረሻ ረድፍ ላይ እንደ አቧራ ነው፤ ከብርሃን ፊት ካልያዙት አይታይም። ጠርሙሶቹ የተሞሉበትን ቅደም ተከተል አተላው ጽፎት አስቀምጦ ነበር።

ከወፍራሞቹ አንዱን በፎጣ ጠቅልለን ጊቢ ውስጥ ከፈትነው። ቆርኪው ገና ሳይላቀቅ ማፏጨት ጀመረ። ከዚያ ቢራው ራሱ ተነሳ። ነጭ አረፋ እየገነፈለ በጠርሙሱ አንገት፣ በፎጣው፣ በወዳጄ ክንድ ላይ ወረደ። ሲረግብ ከግማሽ በታች ነው የቀረው። የቀረውን ቀመስነው፤ ይጣፍጣል። ጋዙን አስወጥተን ስንለካው 1.014 አነበበ።

ይህ ንባብ ነው ያስደነገጠኝ። ጠርሙሱ ያን ያህል ጋዝ ይዞ ስኳሩን ገና አልጨረሰም። እንዳይፈነዳ የያዘው እናትየው የጠሉት ያ ብርድ ነው። ሳጥኖቹን ሳሎን አስገብተን በብርድ ልብስ ጠቅልለናቸው ቢሆን ኖሮ እርሾው ይነቃና የቀረውን ስኳር ይበላ ነበር። ማንኪያ ስኳር ቢጨመርበትማ አያድርስ ነው። የሙቀቱ ምክር ለአብዛኛው ጠርሙስ ደግ ነበር፤ ለነዚህ ስድስቱ ግን የመስታወት ስብርባሪ ሊሆን ይችል ነበር። ልጆች ያሉበት ቤት ነው።

ከዚያው ሳጥን መሃል አንድ ከፈትን። ፍሽሽ አለ፣ ብርጭቆ ላይ ነጭ አረፋ ቆመ። እንከን የለውም። ወዳጄ ያሰበው ቢራ ይሄ ነበር።

እንዴት ሊሆን ቻለ

ሽሮፕ ከቢራ በጣም ይከብዳል። በትንሽ ውሃ የተፈላ ወፍራም ሽሮፕ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢራ ላይ ቀስ ተብሎ ሲፈስ አይቀላቀልም፤ ቀጥ ብሎ ይሰምጣል። የባልዲው ወለል ላይ ይተኛል። ቧንቧው ደግሞ ያለው እዚያው ታች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተቀዱት ጠርሙሶች ቢራ ከነሽሮፑና ከነአተላው ወሰዱ። መሃል ያሉት ልካቸውን አገኙ። ሁለተኛው ሳጥን ላይ ሲደረስ የቀረው ቢራ ስኳር የሌለው ቢራ ነው። 100 ግራሙ በድምር ትክክል ነበር፤ የተካፈለበት መንገድ ነው የተበላሸው።

ወዳጄ ለምን አላማሰለውም? ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም ከንቱ አልነበረም። ባልዲው ሥር አተላ አለ፤ ቢያማስለው ይነሳና ቢራው ይደፈርሳል። ሁለተኛ፣ ፈልቶ ያለቀ ቢራ አየር አይወድም። እየተንቦጫረቀ አየር ከገባበት ቆይቶ የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል። ሁለቱን አስቦ እጁን ሰበሰበ። ያልታየው ነገር ቢኖር ስኳሩ በራሱ እንደማይሰራጭ ነው።

ታችኛው ሳጥን ውስጥ አንድ እንቆቅልሽ ቀረ። ከመሃሉ ረድፍ ሁለት ጠርሙሶች፣ ልክ ጎናቸው ያሉት ጥሩ ሆነው ሳለ፣ ጋዝ አልነበራቸውም። ቆርኪያቸው በጣት ዞረ። አፋቸውን ስናይ ጥምዝ ጥርስ አለው፤ በእጅ ተጠምዞ ለሚከፈት ክዳን የተሠራ ነው። ጠርሙሶቹን የገዛው ከቆራሌው ነው፤ ሲቀላቀሉ አላያቸውም። በእጅ የሚመታ ቆርኪ እንዲህ ያለ አፍ ላይ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ አይዝም። ለነዚህ የሚደረግ የለም። ሁለቱን ለይተን አወጣን፤ ሳጥኑን ሙሉ በዚሁ ዓይን ደግመን አበጠርነው።

ሦስት ጠርሙስ ለሙከራ

ምክንያቱ ግልጽ ቢመስልም በላይኛው ሳጥን ላይ ሁሉ እጃችንን ከማስገባታችን በፊት በሦስት ጠርሙስ እንሞክር አልኩ። ይህን ሙከራ ጋዝ ላጣበት ሰው ሁሉ የምመክረው ነው፤ ከመጨረሻው ረድፍ ሦስት ጠርሙስ ወሰድን።

በአንደኛው 2 ግራም ስኳር ጨመርን። በሁለተኛው ስኳር የለም፤ ጥቂት ፍሬ ደረቅ እርሾ ብቻ። በሦስተኛው ምንም አልጨመርንም፤ ከፍተን በአዲስ ቆርኪ መልሰን ዘጋነው። ሦስቱንም ምልክት አድርገን ወፍራም ካርቶን ውስጥ አስገብተን ወጥ ቤት ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀመጥን። የመጀመሪያው ጋዝ ቢይዝ የጎደለው ስኳር ነው። ሁለተኛው ቢይዝ የጎደለው እርሾ ነው። ሦስተኛው ቢይዝ የጎደለው ሙቀትና ጊዜ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን አይሆንም። የአዳማ ፀሐይ ያጓጓል፤ ሆኖም ብርሃን ሆፕስ ያለበትን ቢራ መጥፎ ሽታ ይሰጠዋል፤ በተለይ ነጭና አረንጓዴ ጠርሙስ ውስጥ። ቡናማው ይሻላል፤ እሱም ጥላ ቢሆን።

ሳምንት ያህል ቆይተን ከፈትን። ስኳር የገባበት ፍሽ አለ፤ ገና ሙሉ ባይሆንም ሕያው ነው። እርሾ የገባበት ዝም። ምንም ያልገባበትም ዝም። እርሾው በጠርሙሱ ውስጥ ደህና እንደነበረ፣ የሚበላው ብቻ እንዳጣ አረጋገጥን። በዓይን ስስ የሚመስለው አተላ ውስጥ እንኳ ለዚህ ሥራ የሚበቃ እርሾ አለ።

ጥገናው

ከአደገኞቹ ጀመርን። እንዲያውም እነሱን ያነሳናቸው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። የፊት ረድፉን ጠርሙሶች ወፍራም ጓንት አድርገን፣ ዓይናችንን በመነጽር ሸፍነን፣ ክዳን ባለው ካርቶን አድርገን ሰፈር ያለ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አስገባን። ባለሱቁ ፈቃደኛ ነበር። ቅዝቃዜ ሁለት ነገር ያደርጋል። እርሾውን ያስተኛዋል፤ ጋዙም ቢራው ውስጥ ይበልጥ ስለሚሟሟ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። በማግስቱ፣ በጣም ቀዝቅዘው ሳለ፣ ቆርኪውን በመክፈቻ ጫፉን ብቻ ብድግ አድርገን አስተነፈስናቸው። ፉጨቱ ሲቀንስ በአዲስ ቆርኪ ዘጋንና ወደ ፍሪጁ መለስን። ስኳራቸው ስላላለቀ ከፍሪጅ ውጭ ማሳደር አይቻልም። መብራት ሲሄድ ባለሱቁ እንዲደውልልን ነገርነው። ቶሎ መጠጣት የነበረባቸውም እነሱ ናቸው፤ ተጠጡ።

የታችኛው ሳጥን ቀሪዎቹን አልነካንም። ሳሎን ገብተው ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ቆዩ። ለገና የደረሱት እነሱ ናቸው።

የላይኛው ሳጥን ቀረ። ደረቅ ስኳር ጠርሙስ ውስጥ መጨመር አይመችም። ፍሬው ቢራው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ጋዝ ያስነሳትና ቢራው ይገነፍላል፤ መጠኑንም በማንኪያ እኩል ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ሽሮፕ ሠራን። 40 ግራም ስኳር በፈላ ውሃ አሟምተን፣ ጠቅላላው 100 ሚሊ ሊትር እንዲሆን አደረግን። እንዲህ ሲሆን 5 ሚሊ ሊትሩ በትክክል 2 ግራም ስኳር ይይዛል። ከፋርማሲ አዲስ የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዛን፤ መርፌው አያስፈልግም። ቆርኪ ማንሳት፣ 5 ሚሊ ሊትር ማስገባት፣ ወዲያው መዝጋት። አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ያስገባል፣ እናትየው ቆርኪውን በአልኮል ነክረው ያቀብላሉ። ጠርሙሱ ክፍት ሆኖ አየር ላይ መቆየት የለበትም።

የላይኛው ሳጥን የመጀመሪያ ረድፍ ግን ከታችኛው ሳጥን ቀጥሎ የተሞላ ስለሆነ ትንሽ ስኳር ሳያገኝ አልቀረም ብለን 2.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ሰጠነው። እዚህ ላይ መሳሳት ካለብኝ ወደ ማነስ ብሳሳት እመርጣለሁ። ለስለስ ያለ ቢራ ይጠጣል፤ የፈነዳ ጠርሙስ ግን ሰው ይጎዳል። የተዘጉትን ወደ ሙቁ ጥግ ወሰድናቸው፤ በካርቶን ውስጥ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ተደርቦ።

ለገና አልደረሱም። ቀኑ አጭር ነበር፤ እኔም አስቀድሜ ነግሬው ነበር። ለጥምቀት ሲከፈቱ ደህና ጋዝ ይዘዋል። እኩል ናቸው አልልም። አንዳንዱ ሞቅ ያለ አረፋ አለው፣ አንዳንዱ ረጋ ያለ ነው። ተከፍተው እንደገና ስለተዘጉ አየር ነክቷቸዋል፤ ስለዚህ ሳይቆዩ እንዲጠጡ መከርኩ። ከመጠጣታቸው በፊት ግን አንድ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ማደር አለባቸው። ጋዙ ከጠርሙሱ አንገት ወርዶ ቢራው ውስጥ በደንብ የሚገባው ሲቀዘቅዝ ነው። በሙቅነቱ የተከፈተ ቢራ ጋዙን በአንድ ጊዜ ያስወጣና ብርጭቆ ላይ የሞተ ይመስላል።

ቀጣዩን ባልዲ ሲጠምቅ ወዳጄ ሁለተኛ ባልዲ ገዛ። ሽሮፑን በፈላ ውሃ አቅጥኖ ሠራውና ባዶው ባልዲ ሥር አስቀደመው። ከዚያ ቢራውን አተላው ላይ ሳይደርስ በጎማ ሳበው። የጎማውን ጫፍ ከባልዲው ሥር በግድግዳው ዙሪያ አጋደመው፤ ቢራው ሲገባ እየተሽከረከረ ከስኳሩ ጋር ይደባለቃል፣ አይንቦጫረቅም። በመጨረሻ በፈላ ውሃ የነከረውን ረጅም ማንኪያ አስገብቶ ከሥር ወደ ላይ ቀስ ብሎ አማሰለ።

ሁለት የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙሶችም አሉት አሁን። የውሃ ሃይላንድ አይሆንም፤ ስስ ነው፣ ጫና አይችልም። አንዱን በሙሊያው መጀመሪያ፣ አንዱን በመጨረሻ ይሞላል። በየጥቂት ቀኑ ሁለቱን በእጁ ይጨምቃል። ሁለቱም እኩል እየጠነከሩ ከሄዱ ስኳሩ እኩል ገብቷል። አንዱ ድንጋይ ሆኖ ሌላው ለስላሳ ከሆነ፣ አንድም የመስታወት ጠርሙስ ሳይከፍት የመጀመሪያዎቹን ወደ ፍሪጅ ይወስዳል።